አባቴ ከደሴቱ ያመጡልኝ ጥያቄ

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ አንዳርጌ ለምሳ ጠርቶኝ ቤቱ ሄድሁ። አንዳርጌ እዚህ ባሕር ዳር አንድ ፋብሪካ ውስጥ የማሽን ጥገና ኃላፊ ነው፤ ሥራውን የሚወድ፣ ለእኔም የሚያስብ ሰው ነው። ልጁ ብሌን የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቷን ጨርሳ የትምህርት ክፍል የምትመርጥበት ሳምንት ደርሷል። ዓሣ ጉላሽ ቀርቦ እየበላን ነበር። ስልኳን ከሳህኗ አጠገብ አስቀምጣዋለች፤ የምርጫው ቅጽ በርቶ ይታያል።

«ታሪክ ነው የምሞላው» አለች፣ ማንንም ሳታይ።

«ታሪክ ተምረሽ ምን ልትሆኚ?» አላት አባቷ።

«ታሪክ እማራለኋ።»

«እሱንማ ሰማሁ። ከዚያስ? በየሰው በር እየቆምሽ ታሪክ የሚነገረው አለ ወይ ልትይ ነው?»

እናቷ ሳቋን በእጇ ሸፈነች። ብሌን አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ «እንጃ» አለች።

«ይኸው! እንጃ አለች። አክስቴ፣ እስኪ እርስዎ ይንገሯት።»

ሦስቱም አዩኝ። እኔ «ዓሣው ጥሩ ተሠርቷል» አልሁ። ከዚያ ወሬው ወደ ሌላ ዞረ፤ ብሌንም ስልኳን አጠፋችው። ቡና ሳይፈላ ተነሥቼ በባጃጅ ዓባይ ማዶ ወዳለው ቤቴ ተመለስሁ።

ብቻዬን ነው የምኖረው። ከሰው ቤት ስመለስ ጫማዬን አውልቄ በረንዳዬ ላይ ትንሽ እቀመጣለሁ፤ የሰማሁት ወሬ ከጆሮዬ እስኪወጣ ድረስ። የዚያን ቀን ግን አንዲት ቃል አልወጣ አለችኝ። «እንጃ» የምትለዋ። እኔም በብሌን ዕድሜ ሳለሁ፣ ለዚያው ጥያቄ፣ ያንኑ ቃል መልሻለሁ። ለማንም ነግሬው አላውቅም። የሚጠይቀኝ ሰው ስላልነበረም ይሆናል።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ስጨርስ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ንጉሡ ገና ዙፋናቸው ላይ ነበሩ። ባሕር ዳር ያኔ ትንሽ ነበረች፤ ዛሬ መንገዱ ላይ ጥላ የሚጥሉት ዘንባባዎች ከሰው ቁመት ብዙም አላለፉም። እኔ የዘጌ ልጅ ነኝ። በትምህርት ወራት ባሕር ዳር ዘመድ ቤት እያደርሁ እማራለሁ፤ ክረምት ሲገባ አባቴ ዘንድ እመለሳለሁ። እናቴን በልጅነቴ አጥቻለሁ። ታላቅ እህቴ፣ የአንዳርጌ እናት፣ ይፋግ ተድራ ሄዳለች። ስለዚህ በዚያ ቤት የቀረነው አባቴና እኔ ነበርን። ሁለታችንም ወሬ አናበዛም። አንዳንድ ቀን ከጠዋት እስከ ምሳ ድረስ የሚሰማው ከዛፍ የሚንጠባጠበው ዝናብ ብቻ ነበር።

ዘጌ በሬ አይጠመድባትም። ቡናው በትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል፤ ጌሾና ሎሚ አለ፤ እህል ግን ከውጭ ነው የሚመጣው። ቡናውን በታንኳ ጭነን ወስደን ጤፍና ዳጉሳ ይዘን እንመለሳለን። እንዲህ የሚኖር ሰው ስለ ማንኛውም ነገር «ምን ያመጣል?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ያልተለወጠ ቡና አይበላም። ይህን የምለው አባቴን ክፉ አድርጌ እንዳላሳያቸው ነው።

የምደባው ደብዳቤ የደረሰኝ ፍልሰታ በተፈታ በሳምንቱ ነው። ያመጡልኝ፣ አባቴ ቡና የሚሸጡላቸው የባሕር ዳሩ ነጋዴ ነበሩ፤ ደጋግመው መረቁኝና ሄዱ። አባቴ ፖስታውን አገላብጠው አዩት።

«ምን ይላል?»

«አዲስ አበባ ተመድበሻል ይላል። በሁለት ሳምንት ውስጥ እመጣለሁ ብዬ መጻፍ አለብኝ።»

«ምን ልትማሪ?»

«የመጀመሪያውን ዓመት ሁሉንም በጥቂቱ ነው። ታሪክ፣ ጂኦግራፊ፣ ቋንቋ፣ ፍልስፍና። ከዚያ አንዱን እመርጣለሁ።»

አባቴ ፖስታውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። «ሁሉንም በጥቂቱ የተማረ ሰው ምን ይባላል?» አሉኝ።

ስሙ ጠፋኝ።

«የሚያክመው ሐኪም ይባላል። ድልድይ የሚሠራው መሐንዲስ ይባላል። ይኼኛውስ?»

«ዲግሪ ያገኛል» አልሁ።

«ዲግሪውን ምን ያደርገዋል?»

የታሪክ መምህራችን ይህን ነገር በደንብ አስረድቶኝ ነበር። ከሐረር የመጣ ቀጭን ሰው ነው፤ ሲናገር ጠመኔውን በሁለት ጣቱ ያሽከረክራል። እሱ ሲናገር ሁሉም ነገር ገብቶኝ ነበር። ዘጌ ደርሼ አባቴ ፊት ስቀመጥ ግን ከገባኝ ውስጥ አንዱን እንኳ በአማርኛ፣ በቤታችን አማርኛ፣ መልሼ ላወጣው አልቻልሁም።

አባቴ ትምህርት ጠል አልነበሩም። በወጣትነታቸው ከቤታቸው ጠፍተው ቅኔ ቤት ገብተው ነበር። አባታቸው ሲሞቱ ግማሽ ላይ ተዉት እንጂ መምህር በሆኑ ነበር ይባላል። የቆሎ ተማሪ ደጃችን መጥቶ ባዶ እጁን ተመልሶ አያውቅም። ዝናብ የመታውን ከምድጃው ዳር ያስቀምጡታል፤ ከዚያም ከቅኔ ቤቱ ምን ያህል ቅኔ እንደቆጠረ ይጠይቁታል። ከእነዚያ ልጆች አንዱን እንኳ «ምን ልትሠራበት ነው?» ሲሉት አልሰማሁም። የእኔን ግን ጠየቁ። እኔ ልጃቸው ነኛ።

በመጨረሻ «የኔታን ጠይቀን እንወስናለን» አሉ።

የኔታ የአባቴ የቀድሞ መምህር ናቸው። በስተርጅና ከሐይቁ ደሴቶች በአንዱ፣ ሴት በማይገባበት ገዳም፣ ይኖሩ ነበር። አባቴ ትልቅ ነገር ሲገጥማቸው እሳቸውን ሳይጠይቁ አይወስኑም። እህቴን ሲድሩም ጠይቀዋል። እኔን ይዘውኝ የሄዱት ለምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። ምናልባት ጉዳዩ የእኔ ስለሆነ አጠገቡ መቆም አለባት ብለው ይሆናል።

ቀዛፊው ጎረቤታችን ዘለቀ ነበር፤ ያኔ ሠላሳ ያልሞላው፣ ሳይቀልድ መዋል የማይችል ሰው። ሐይቁ ከክረምቱ ጎርፍ የተነሣ ቡናማ ነበር፤ ታንኳው የተሠራበት ደንገል ውኃ ጠጥቶ ቀሚሴን አርሶታል። ከዘጌ ዳርቻ ራቅ እንዳልን ዘለቀ ዞሮ አየኝ።

«አዲስ አበባ ሐይቅ የለም አሉ። ሰው ሲከፋው ወዴት ነው የሚያየው?»

«ተራራ አለ» አልሁት።

«ተራራ ምን ያደርጋል፤ አይንቀሳቀስ!»

አባቴ ፈገግ አሉ። በዚያ ቀን ፈገግ ሲሉ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ደሴቱ ዳር ደርሰን አባቴ ጫማቸውን አወለቁ፤ ለየኔታ የያዙትን ሎሚ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው በዛፎቹ መሐል ወደ ላይ የሚወስደውን ቀጭን መንገድ ያዙ። እኔ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ከዚያ ድንጋይ ወዲያ አልሄድም። እንዲህ ነው ሥርዓቱ፤ እኔም ለምን ብዬ አላሰብሁም። ዛሬ ሳስበው ግን፣ የእኔ ነገር እኔ በማልደርስበት ቦታ እየተነገረ ነበር። እግሬን ውኃ ውስጥ አድርጌ በሶ በጥብጬ ጠጣሁ። ዘለቀ ታንኳው ላይ ተጋድሞ ያፏጫል።

አባቴ ብዙ ቆይተው ወረዱ። ፊታቸው የተገሠጸ ተማሪ ፊት ይመስላል።

«እህስ፣ አያ ቢምር፣ ምን አሉ?» አለ ዘለቀ ከእኔ ቀድሞ።

«ምንም አላሉም፤ ጠየቁኝ እንጂ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «'አንተ ከቤትህ ጠፍተህ ቅኔ ልትማር ስትመጣ ምን ልትሠራበት ነበር?' አሉኝ።»

«ምን መለሱላቸው?» አልሁ።

«ምን እመልሳለሁ? እሳቸውም ሳቁብኝ። 'በል ውረድና ከራሷ አፍ ሰምተህ ና፤ ምን ፈልጋ ነው?' አሉኝ። እንግዲህ ምን ልበላቸው?»

«አስተማሪ እሆናለሁ በያ!» አለ ዘለቀ።

«ለአስተማሪነትማ እዚሁ ባሕር ዳር ማሠልጠኛ ተከፍቶ የለም ወይ? ምን አዲስ አበባ ያስኬዳታል?»

«እንግዲያው ዳኛ ትሁን። የዘጌን የድንበር ነገር ትጨርስልን።»

«አንተን አልጠየቅሁም፤ ዝም በል።»

እውነቱን ለመናገር መልስ ነበረኝ። ያ ቀጭኑ መምህር አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ሁለት ወረቀት አንብቦልን ነበር። ሁለት ሰዎች ስለ አንድ የድሮ የገበያ ቃጠሎ የጻፉት ነው። አንደኛው እሳቱ ከጨው ተራ ተነሣ ይላል፤ ሁለተኛው ከጠላ ቤቶቹ ነው ይላል። መምህሩ «የትኛው ዋሸ?» አለን። ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ ተከራከረ። እሱ ዝም ብሎ ከሰማን በኋላ «ሁለቱም ባይዋሹስ? እያንዳንዳቸው የት ቆመው ነበር?» አለ። ያን ቀን ወደ ቤት ስሄድ መንገዱን አላየሁትም። ዘመድ ቤት ያሉት ሴቶች የሚጣሉበትን ነገር ሁሉ፣ ጎረቤት ስለ ጎረቤት የሚያወራውን ሁሉ፣ እንደ አዲስ ነበር የምሰማው። ሰው የቆመበትን ቦታ መጠየቅ እንደሚቻል ከዚያ በፊት የነገረኝ አልነበረም። አዲስ አበባ ሄጄ የምፈልገው ያንን ነበር። ሌላ የምፈልገው አልነበረም።

ይህን ለአባቴ እንዴት እነግራቸዋለሁ? ስለ ገበያ ቃጠሎ ልማር ነው ልበል? ዘለቀ ይስቅብኛል ብዬ ፈራሁ። አንድ ሴት ልጅ አባቷ ፊት ይህን ያህል ትናገራለች ወይ ብዬም አፈርሁ።

«እንጃ፣ አባዬ» አልሁ።

አልተቆጡም። ጠበቁኝ። በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን እየጠረጉ፣ እኔን ሳይሆን ውኃውን እያዩ ቆሙ። አባቴ ማንንም ያን ያህል ቆመው ሲጠብቁ አይቼ አላውቅም። እኔ የቀሚሴን እርጥብ ጠርዝ ስጨምቅ ነበር።

«እንጃ ብላለች ልበላቸው?»

«አዎ።»

ተመልሰው ወጡ። ትንሽ ቆይቶ ዘለቀም ነፍሰ ጡር ሚስቱ ጠበል አምጣልኝ ብላው ስለነበር ቅሉን ይዞ ተከተላቸው። እኔና ታንኳው ቀረን። ንፋስ ተነሥቶ ሐይቁ መገላበጥ ጀምሯል። ማዶ ባሕር ዳር በዝናብ ተሸፍና አትታይም ነበር፤ ዘጌም ጥቁር ሆና ነው የምትታየው። የትኛውም ቦታ የእኔ አልመሰለኝም። ያን ስሜት በኋላም ብዙ ጊዜ አግኝቼዋለሁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ያወቅሁት ግን እዚያ ድንጋይ ላይ ነው።

አባቴ በዚህኛው ጊዜ ቶሎ ወረዱ። «በይ እንሂድ» አሉ። የኔታ ምን አሉ ብዬ አልጠየቅሁም። በእኛ ቤት ታላቅ ሰው «እንሂድ» ካለ ነገሩ አልቋል ማለት ነው። ዘለቀ ቅሉን በቅጠል ደፍኖ መጣና መቅዘፊያውን አነሣ። ዘጌ እስክንደርስ አንድም አልቀለደም።

ደብዳቤው መልስ ሳይጻፍለት ቀነ ገደቡ አለፈ። አባቴም አላነሡት፣ እኔም አላነሣሁት። ቡናው ሲቀላ አብረን ለቀምን። በዓመቱ ባሕር ዳር ሄጄ የጽሕፈት መኪና ተማርሁ፤ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጠርሁና እስከ ጡረታዬ እዚያው ሠራሁ። ሌሎች የሚያስቡትን ስጽፍ ኖርሁ። አልተጠላሁም፤ አልተመሰገንሁምም። አግብቼ ነበር፤ አልቆየም። ስለዚያ አልጽፍም።

አባቴ ባሕር ዳር በመጡ ቁጥር ሱቅ ስኳር የጠቀለለበትን ጋዜጣ እንኳ ሳይቀር አጣጥፈው ያመጡልኝ ነበር። «አንቺ ታነቢዋለሽ ብዬ» ይላሉ። ሁልጊዜ ይገርመኝ ነበር። የኔታ ማረፋቸውን ስሰማ ግን፣ ይቅር ይበለኝ፣ አላዘንሁም። በእኔ ላይ የፈረዱት እሳቸው ናቸው ብዬ ነበር የማምነው። ደሴቱን ከሩቅ ሳይ እንኳ ፊቴን አዞር ነበር።

አባቴ ከብዙ ዓመት በኋላ አረፉ። በሠልስታቸው ቀን፣ ሰዉ በልቶ ሲበታተን፣ ዘለቀ ወደ ኋላ ቀረ። ሸምግሏል፤ ጥርሱ ረግፎ ቀልዱም ቀንሷል። ንፍሮውን በመዳፉ እየቆጠረ ተቀመጠ።

«አንድ ነገር ልንገርሽ። ከእንግዲህ የሚከለክለኝ የለም። ያን ቀን፣ ደሴቱ የሄድን ቀን፣ አባትሽ ሁለተኛ ሲወጡ የኔታ ዘንድ አልደረሱም።»

የያዝሁትን ሳህን መሬት አስቀመጥሁ።

«ጠበል ልቀዳ ስወጣ መንገዱ ግማሽ ላይ አንድ የዛፍ ሥር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። 'ምነው አያ ቢምር፣ ደከሙ?' አልኋቸው። 'እንጃ ማለቷን የኔታ ከሰሙ፣ አንተም ያኔ መልስ አልነበረህም ብለው ላካት ነው የሚሉኝ' አሉ። 'እና ቢሉስ?' ብላቸው፣ 'እሷ ከሄደች ቤቱ ውስጥ ማን አለ?' አሉኝ። ከዚያ አስማሉኝ።»

«እሺ» አልሁት። መዳፉ ላይ ንፍሮ ጨመርሁለት።

ሰው ይህን ሲሰማ አባቴን ትጠላቸዋለች ይል ይሆናል። የተናደድሁባቸው ጊዜ አለ። ግን ያን ቤት አውቀዋለሁ፤ ዝናቡ ሲንጠባጠብ ብቻውን የተቀመጠ ሰው ምን እንደሚሰማ አውቃለሁ። አሁን እኔም የምሰማው እሱን ነው። ደግሞ ውኃውን እያዩ የጠበቁኝን አልረሳም። ስለ ገበያው ቃጠሎ ነግሬያቸው ቢሆን ኖሮ፣ እሳቸው ለእንዲህ ያለ ጨዋታ የተፈጠሩ ሰው ነበሩ፤ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው «እስኪ ቀጥዪ» የሚሉኝ ይመስለኛል። ከዚያ ቢወጡ ደግሞ መልእክቱን ግማሽ መንገድ ላይ የሚተዉት አይመስለኝም። ሊተዉት የቻሉት ያሸከምኋቸው አንዲት ቃል ብቻ ስለነበረች ነው።

ያ ትምህርት ለምን እንደሚሆን እኔ ስላልተማርሁት ልነግራችሁ አልችልም። ያየሁትን ግን እናገራለሁ። በመሥሪያ ቤቴ ታሪክ የተማሩ፣ ፍልስፍና የተማሩ አለቆች ነበሩኝ። ከመካከላቸው ሰነፍም፣ ክፉም ነበር፤ ዲግሪው ሰው አያደርግም። አንዱ ግን፣ የመሬት ክርክር ሲመጣለት፣ እኔ ወረቀት አስገብቼ ጣቴን አዘጋጅቼ ስጠብቀው «ቆይ፣ የሌላኛው ሰው ማመልከቻ የት አለ?» ይል ነበር። ባለጉዳዩ «አንተ ምን ትላለህ?» ሲለው «አላውቅም» ይላል። ከዚያ ግን አይቆምም፤ ከአላውቅም በኋላ መናገር የሚጀምር ሰው ነበር። እኔ ሁልጊዜ እዚያ ላይ ነው የምቆመው።

ማክሰኞ ዕለት፣ ሳልጠራ፣ አንዳርጌ ቤት ሄድሁ። እንዲህ አድርጌ ስለማላውቅ የታመምሁ መስሎት ደነገጠ።

«ደህና ነኝ» አልሁት። «አንዳርጌ፣ ልጅቱ እንጃ ስትልህ አልፈልግም ያለች አድርገህ አትቁጠርባት።»

«ለእሷው ብዬ እኮ ነው፣ አክስቴ። ሥራ ካላገኘችስ?»

«ላታገኝ ትችላለች። እኔ እሱን አላውቅም። ጠይቃት፤ ከጠየቅሃት በኋላ ደግሞ ጠብቃት። መልሷ ቢቆይም ጠብቃት።»

«እሺ» አለ። ለአክብሮት ብሎ ይሁን ገብቶት ይሁን ከፊቱ መለየት አልቻልሁም።

ብሌን ባጃጅ እስከማገኝ ሸኘችኝ። አስፋልቱ ዳር ቆመን ሳለ ክንዴን ያዘች።

«እቴቴ፣ ምን ብዬ ላስረዳው? እኔ ራሴ እኮ በደንብ አላውቀውም።»

«አለማወቅሽን ንገሪው። ከዚያ ዝም አትበይ፤ ምን እንዳየሽበት፣ የትኛው ቀን መንገዱን እንዳስረሳሽ ንገሪው። ቢስቅም ንገሪው።»

«እርስዎስ ቢማሩ ኖሮ ምን ይማሩ ነበር?»

ባጃጁ ቆመ። ሹፌሩ «ዓባይ ማዶ ነው እናት? ይግቡ፣ ይግቡ» አለኝ። ገባሁ። በመስኮቱ አየችኝ፤ መልሴን እየጠበቀች ነበር። አፌን ከፈትሁ። «እንጃ» ወጣ። ባጃጁም ተንቀሳቀሰ፤ እኔም በሰባ ዓመቴ፣ ከዚያች ቃል ቀጥሎ የሚመጣውን እየፈለግሁ ቤቴ ደረስሁ።